እግር ከአጥንት ጋር ሲጋጠም፤ በሬው ይሸጥ ወይስ ይቅር?

«ልጄ፣ ጋዜጣ ላይ የምትጽፊ ነሽ አሉኝ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በሬዬን ልሽጠው ወይስ ይቅር?»

ውድ አንባቢያችን፣ ይህን ጥያቄ ያቀረቡልኝ ከደባርቅ ወዲያ ካለው የሰሜን ጎንደር ደጋ የመጡ የአራት ልጆች እናት ናቸው። ወደ ጎንደር ከተማ የወረዱት ሰው ሠራሽ እግራቸውን ለማስጠገን ሲሆን፣ ያረፉትም አዘዞ ከምትኖረው እኅታቸው ቤት ነበር። እኅታቸው ጎረቤቴ ናትና ለቡና ተጠርቼ ስሄድ አገኘኋቸው። የግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆርጧል። ሰው ሠራሹን እግር አውልቀው ከመደቡ ጥግ አስደግፈውታል፤ ቀሪውን ጭናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቀስ እያሉ ያሹታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደባርቅ ከተማ የሚማረው ልጃቸው ከጓደኛው ስልክ ላይ አንድ ፊልም አይቶ ኖሮ፣ «እማዬ፣ ፈረንጆቹ እግሩን በቀጥታ ከአጥንት ጋር ያጋጥሙታል፤ እንደ ራስ እግር ይሆናል» ብሎ ያጫውታቸዋል። ወሬው ከቤት ወጥቶ ገበያ ይደርሳል። ከገበያም አንድ ሰው ብቅ ብሎ ወንድማቸውን «ውጭ አገር የሚያስጨርስ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቀብድ ያስፈልጋል» ይለዋል። ለቀብድ የሚሆን ነገር ቢፈለግ በቤቱ የተገኘው አንድ በሬ ብቻ ነው። ያም በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ተጠምዶ የዓመቱን ገብስ የሚያርስ ነው። እሱ ከተሸጠ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የልጆቹም ቀለብ በዚያው መጠን ይቀንሳል።

በዚያች ሰዓት በቂ መልስ አልነበረኝም። «ጠይቄና አንብቤ ልንገርዎት» ብዬ የሦስት ቀን ቀጠሮ ያዝኩ። ከዚህ በታች የሚያነቡት ለእኒያ እናት ያደረስኩትን መልስ ነው። እርስዎም ቢሆኑ ከቤተሰብዎ፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረባዎ ወይም ከጎረቤትዎ መካከል እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው አይጠፋምና ጉዳዩ የእርስዎም ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በእጃችን ያለው እግር

እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሥራውን የጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በሆስፒታሉ በኩል የአካል ተሐድሶ አገልግሎት ይሰጣል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል። በአማራ ክልል ባሕር ዳርና ደሴም የተሐድሶ ማዕከላት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የአካል ተሐድሶ መርሐ ግብሩን በዓለም ላይ የጀመረው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም የአገራችንን ማዕከላት በማቴሪያልና በሥልጠና ሲደግፍ ቆይቷል።

በእነዚህ ማዕከላት የሚሠራው እግር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ርካሽ፣ ቀላልና ውሃ የማያበላሸው በመሆኑ ለእንደኛ ያለ አገር ይስማማል። ባለሙያው በመጀመሪያ የቀሪውን እግር ቅርጽ በጄሶ ይወስዳል። ከዚያም ፕላስቲኩን በሙቀት አለስልሶ በዚያ ቅርጽ ላይ በመጠቅለል ኩባያ የሚመስል ማቀፊያ ያወጣል። ከማቀፊያው በታች ጉልበት፣ ቅልጥምና መርገጫ ይገጠማሉ። ሰውየው ቀሪ እግሩን ማቀፊያው ውስጥ አስገብቶ ይቆማል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ማቀፊያ ነው። ተፈጥሮ ክብደትን እንዲሸከም ያዘጋጀችው አጥንትን ሲሆን፣ እዚህ ላይ ግን ሸክሙ በለስላሳው የጭን ሥጋና በቆዳው ላይ ያርፋል። ሥጋው ጠዋትና ማታ እኩል አይደለም፤ በሙቀት ያብጣል፣ በረኃብና በሕመም ይከሳል፣ በእርግዝና ጊዜ ይለዋወጣል። ማቀፊያው ግን በተሠራበት ልክ ይቀራል። ሲጠብ ይልጣል፤ ሲሰፋ ይወላለቃል። ላብ ሲጨመርበት ቆዳው ይቆስላል። ቁልቁለትና ዳገት በበዛበት አገር ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ማቀፊያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ወደ ታች ይስበዋል። የጠያቂያችን ጭን የቆሰለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማቀፊያው ከስድስት ዓመት በፊት የተለካ ነው፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ ወልደዋል፤ ሰውነታቸውም ከስቷል።

ከጥንቸል አጥንት የተገኘ ዕውቀት

ታዲያ ማቀፊያው ቀርቶ እግሩ በቀጥታ ከአጥንቱ ጋር ቢያያዝስ? ልጃቸው በፊልም ያየው ይህንን ነው፤ ነገሩም እውነት ነው።

መነሻው አጋጣሚ ነበር። ስዊድናዊው ሐኪም ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ደም በአጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ለማየት፣ ቲታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ትንሽ መመልከቻ በጥንቸል የእግር አጥንት ውስጥ አስገቡ። ምርምሩ ሲያበቃ መመልከቻውን ለማውጣት ቢሞክሩ አልወጣ አላቸው። አጥንቱ ብረቱን እንደ ባዕድ አልገፋውም፤ ይልቁንም ዙሪያውን አድጎ ጨምድዶ ይዞታል። ሐኪሙም ይህን ዕውቀት በመጀመሪያ ለጥርስ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ1965 ጥርስ ለሌለው ሰው በመንጋጋው አጥንት ውስጥ የቲታኒየም ሥር ተከሉለት። ዛሬ በየአገሩ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ጥርስ የዚያ ውጤት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1990 እግሩ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው በዚሁ ዘዴ ስዊድን ውስጥ ተሠራ። የሐኪሙ ልጅ ሪካርድ ብሮነማርክም የአጥንት ሐኪም ሆነው ሥራውን ገፉበት።

በስዊድኑ ዘዴ ሁለት ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። በመጀመሪያው ጥርስ ያለው የቲታኒየም ብሎን በጭኑ አጥንት እምብርት ውስጥ ይገባል፤ ቆዳውም ይሰፋል። አጥንቱ ብረቱን እስኪይዘው ወራት ይጠበቃል። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከብሎኑ ጋር የተያያዘ አጭር ዘንግ ቆዳውን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰው ሠራሹ እግር የሚገጠመው በዚህ ዘንግ ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ተነሥቶ መሄድ የለም። ታካሚው ሚዛን ላይ ቆሞ ዛሬ ጥቂት ኪሎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ጨመር እያደረገ አጥንቱን ያለማምዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ሕክምና የተነገረ ይመስላል። ጀርመንና አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠራበት ሌላው ዘዴ ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም የስዊድኑን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶታል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። የሚልጥ ማቀፊያ የለም። እግሩን ለመግጠምና ለማውለቅ ጥቂት ጊዜ ይበቃል። በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ጭንን የሚቆረቁር ጠርዝ የለም። ከሁሉም የሚያስገርመው ታካሚዎቹ መሬቱ ይሰማናል ማለታቸው ነው። ንዝረቱ በብረቱ በኩል ወደ አጥንት ስለሚዘልቅ፣ የረገጡት ድንጋይ ይሁን ሣር ሳያዩ ይለያሉ። ይህን ስነግራቸው እኒያ እናት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ድንጋዩን ማወቅ! እኔ እኮ የምወድቀው እሱን ሳላውቅ ነው» አሉኝ።

ቆዳው የተከፈተ በር ነው

እዚህ ላይ ግን፣ አንባቢያችን፣ በፊልሙ ላይ የማይታየውን ነገር ልብ ይበሉ።

ቆዳ የሰውነት አጥር ነው። ዘንጉ ቆዳውን አልፎ ሲወጣ በአጥሩ ላይ የማይዘጋ በር ይከፈታል፤ በሩም ዕድሜ ልክ ክፍት ነው። አጥንት ከቲታኒየም ጋር ይዋሐዳል፤ ቆዳ ግን እንደዚያ አጥብቆ አይዘውም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተመራማሪዎች ለዚህ መፍትሔ ፍለጋ የፈረንጅ አገር አጋዘን ቀንድ ሲያጠኑ ነበር። ያ ቀንድ ቆዳን ሰንጥቆ የሚወጣ ራቁቱን የሆነ አጥንት ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ ግን አይመረቅዝም። ተፈጥሮ ያወቀችውን ያህል የሰው ልጅ ገና አላወቀም።

ስለዚህ በዚህ በር ዙሪያ ያለው ቆዳ በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና መታጠብ አለበት። እንደዚያም ሆኖ ላይ ላዩን መመረቀዝ የተለመደ ነው፤ በጊዜው ከታየ በመድኃኒት ይድናል። መመረቀዙ ወደ አጥንቱ ከዘለቀ ግን ብረቱን እስከ ማውጣት ያደርሳል። በወደቁ ጊዜም አጥንቱ ሊሰበር፣ ዘንጉም ሊጣመም ይችላል። ሐኪሞቹ የታካሚውን ክብደት ከሚሸከመው ሸክም ጋር ደምረው ልክ ያበጁለታል፤ ከመዝለልና ከሩጫም ይከለክሉታል። አጥንታቸው በማደግ ላይ ያለ ልጆች፣ የስኳር በሽታቸው በቁጥጥር ሥር ያልዋለ፣ እግራቸውን በደም ሥር በሽታ ያጡና አጫሾች አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ሕክምና አይመረጡም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከደጋው ኑሮ ጋር ያስተያዩት። ውሃው ከምንጭ በጀሪካን በጀርባ የሚመጣ ነው። ጓሮው ጭቃ ነው። በሩ በአንድ ሌሊት ቀልቶ ቢያብጥ፣ እናትየዋ መጀመሪያ በበቅሎ ወደ መኪና መንገድ፣ ከዚያ ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎንደር መድረስ አለባቸው። ብረቱን የተከለው ሐኪም ደግሞ ባሕር ማዶ ነው።

ነርቭስ ከብረት ጋር ይነጋገራል?

የልጃቸው ፊልም በሐሳብ የሚታዘዝ እጅም አሳይቶ ነበርና ስለዚያም ጠየቁኝ። እጅ ቢቆረጥም እጅን ያዝዙ የነበሩት ነርቮች በቀሪው ክንድ ውስጥ በሕይወት ይኖራሉ። አእምሮ «ጨብጥ» ሲል ትእዛዙ እስከ ቁርጡ ድረስ ይመጣና መቀበያ ያጣል። በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ፣ ማክስ ኦርቲዝ ካታላን የተባሉት ተመራማሪና የሕክምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ከነርቭና ከጡንቻ ጋር ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አያይዘው፣ ሽቦዎቹን በአጥንቱ ውስጥ ባለው ቲታኒየም በኩል ወደ ሰው ሠራሹ ክንድ አወጡ። ክንዱ ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከነርቭ ጋር በአንድነት ተያያዘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዘገባም ታካሚዎቹ ክንዱን ከቤተ ሙከራ ውጭ በሥራና በቤት ኑሯቸው ለዓመታት እንደተጠቀሙበት፣ በነርቩ በኩልም የመዳሰስ ስሜት እንዳገኙ ገልጸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው ደግሞ ለሴቶች አንባቢዎቻችን ቅርብ ነው። በእርሻ መሣሪያ አደጋ ቀኝ እጇን ካጣች ከ20 ዓመት በላይ የሆናት ስዊድናዊት በዚህ መንገድ እጅ ተሠርቶላት ምግብ ታዘጋጃለች፤ የቦርሳ ዚፕ ትዘጋለች፤ የበር እጀታ ታዞራለች። ለዓመታት ያሠቃያት የነበረው የሌለው እጅ ሕመምም ቀንሶላታል። የሌለ እጅና እግር ያማል ሲባል ሰው ይስቅ ይሆናል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ሐኪሞችም ያውቁታል። እኒያ እናትም «ሌሊት ሌሊት የሌለው የእግሬ አውራ ጣት ያክከኛል፤ ለሰው ብነግር አበደች እንዳልባል ዝም እላለሁ» ብለውኛል። እንዲህ የሚልዎት ሰው ካለ አይሳቁበት፤ ወደ ተሐድሶ ማዕከል ይምሩት።

ታዲያ በሬውስ?

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። የመለስኩላቸውም «አይሽጡት» ብዬ ነው። ምክንያቴንም አስረዳኋቸው።

አንደኛ፣ ለማንነቱ ማስረጃ ለሌለው ሰው ቀብድ መስጠት ሕክምና መግዛት አይደለም። እውነተኛ ሐኪም በመጀመሪያ የአጥንትዎን ፎቶ ያያል፣ ደምዎን ይመረምራል፣ ስለ ጤናዎ ይጠይቃል፤ በገበያ መካከል ዋጋ አይቆርጥም። ሁለተኛ፣ ይህ ሕክምና አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በሩን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚጠብቅ ሐኪም በቅርብ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ እሳቸውን ያሠቃያቸው ያለ ልክ የሆነ ማቀፊያ ነው። ለዚህ ደግሞ መፍትሔው እዚሁ ጎንደር አለ፤ አዲስ ልክ ማስወሰድ ነው።

እርስዎም ሰው ሠራሽ እግር የሚጠቀም ቤተሰብ ካለዎት የሚከተሉትን ያስታውሱ። ማቀፊያ እንደ ማንኛውም ዕቃ ያረጃል፤ አዋቂ ሰው እንደ አጠቃቀሙ በየጥቂት ዓመቱ፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት። ቀሪው እግር ማታ ማታ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ በመስተዋትም ይታይ። የሚጠለቅበት ካልሲ በየቀኑ ይታጠብ። ቁስል ከታየ እስኪድን ድረስ እግሩ ይውለቅ። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ በቁስል ላይ መራመድ ሌላ መቆረጥን ያስከትላል።

ሠራተኛ እኅቶቻችንም ሕግ እንዳላቸው ይወቁ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሚስማማ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያሟላ ያዝዛል፤ የሴቶችን ድርብ ጫናም ግምት ውስጥ እንዲያስገባ ይጠይቃል። ለልኬት ወይም ለጥገና ወደ ማዕከል ለመሄድ ፈቃድ ስትጠይቁ አንገታችሁን መድፋት አይገባችሁም።

ከአጥንት ጋር የሚጋጠመው እግር ለእኛ አይሆንም ማለቴ አይደለም። ወደፊት በአገራችን በሰፊው ሲታሰብ፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል እኩል የገጠሩ ጤና ጣቢያ፣ ንጹሕ ውሃውና የክትትል ቀጠሮው አብረው መታሰብ አለባቸው እላለሁ። ይህን ስናገር እኒያ እናት ፈገግ ብለው፣ «በሩን የሚጠብቅልኝ ሐኪም ደባርቅ ሲደርስ ያን ጊዜ ጥሪኝ፤ በሬውም ይቆየኛል» አሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ልሰናበታቸው ስነሣ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ስለ እኔ ጻፍሽ፤ ደግ። ስለ ልጆቹም ጻፊ» አሉኝ። እግራቸውን ያጡት በ12 ዓመታቸው ነው። ከብት ሲጠብቁ ከገደል አፋፍ ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰበረ። ወጌሻ ተጠራ፤ በቀርከሃ ደግፎ ጥብቅ አድርጎ አሠረው። ማታ ጣቶቻቸው አበጡ። በማግሥቱ ቀዘቀዙ። «ይፈታልኝ ብዬ ሳለቅስ፣ ቻይው፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተወኝ፤ እናቴም ተሻላት ብላ እልል አለች። ለካ እግሬ ሞቶ ኖሯል።»

የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉትም ይህንኑ ነው፤ ከመጠን በላይ በጠበቀ ማሰሪያ ደም ተቋርጦ እግራቸውና እጃቸው የሚቆረጥ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ወጌሻውም ቢሆን ክፉ አስቦ አያደርገውም። እርስዎ ግን ይህን ይወቁ፤ የታሰረ እግር ወይም እጅ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ማሰሪያው በዚያችው ደቂቃ ይላላ፤ ልጁም በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ ደም ያጣ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ሕመም በድንገት ጠፍቶ ጣቱ ሲነካ የማይሰማው ከሆነ ደግሞ የመዳን ምልክት ነው ብለው አይደሰቱ።

በሳምንቱ እኒያ እናት አዲሱ ማቀፊያ ተለክቶላቸው፣ አራት የታጠቡ ካልሲዎች በፌስታል ይዘው ወደ ደባርቅ አውቶቡስ ሲገቡ ሸኘኋቸው። ደረጃውን ሲወጡ መጀመሪያ ደህናውን እግር አስቀደሙ፤ ሌላውን አስከተሉ። ከመስኮቱም ብቅ ብለው የመጨረሻ ቃላቸውን ነገሩኝ፤ «ልጄ፣ የጣቱን ነገር በትልቁ ጻፊው።»